ጅቡ ማን ነበር?

በ2011 ዓ.ም. ገናን ልናከብር ሞላሌ ሄድን። «ሄድን» ስል እኔና የእህቴ ልጅ ማለቴ ነው። ልጅቷ አዲስ አበባ ተወልዳ አዲስ አበባ ያደገች፣ ያን ጊዜ አሥራ አንደኛ ክፍል የነበረች ናት። ስለ መንዝ የምታውቀው ነገር ቢኖር ብርዳም አገር መሆኑንና አጎቷ ሲበሳጭ «መንዜነቱ ተነሳበት» መባሉን ብቻ ነው። ጣርማ በር ላይ ታጥፈን ደጋውን ስንያያዘው እኔ አስጎብኚ ሆኛለሁ። ገደሉን፣ የታጨደውን የገብስ ማሳ፣ አፋፉ ላይ ተኮልኩሎ ሣር የሚነጨውን ጭላዳ እያሳየሁ «እዪ እንጂ!» እላታለሁ። «እህ…» ትለኛለች፤ ዓይኗን ግን ከያዘችው መጽሐፍ አትነቅልም። ወፍራም የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ነው። ሽፋኑ ላይ ፀጉሯ እንደ አመዳይ የነጣ ጥቁር ልጅ አፍጥጣ ታያለች።

«ምንድነው እሱ?» አልኳት በመጨረሻ ተሸንፌ።

«ስለ አስማት ነው ጋሼ። የናይጄሪያ አማልክት ምናምን ያሉበት… ተወው፣ አይገባህም።»

አይገባህም! ጅብ በጆሮው ሥር እያላዘነ ያደገ ሰው አስማት አይገባህም ተባለ።

ማታ እማሆይ ቤት ምድጃውን ከበን ተቀመጥን። እማሆይ የእናቴ ታናሽ እህት ናቸው፤ ከመነኮሱ ያኔም ቆይተው ነበር። ኩበቱ ይጨሳል፣ ባናው ጉልበታችን ላይ ነው፣ የገብሱ ቆሎ በሰፌድ ይዞራል። ውጭ ጅብ ጮኸ። እማሆይ ማንም ሳይጠይቃቸው «ይኼማ ደግ ጅብ አይደለም» ብለው ጀመሩ። አንድ ገበሬ ሌሊት በግ ሊወስድበት የመጣን ጅብ ጎኑን በጦር ይወጋዋል። ጅቡ ደሙን እያንጠባጠበ ያመልጣል። ሲነጋ ገበሬው የደሙን ፈለግ ተከትሎ ሲሄድ፣ ሲሄድ፣ ሲሄድ… ፈለጉ የመንደሩ ቀጥቃጭ ደጃፍ ላይ ይቆማል። ቀጥቃጩ መደቡ ላይ ተኝቷል። ጎኑን በጨርቅ አስሯል።

ልጅቷ መጽሐፏን የዘጋችው «ሲሄድ፣ ሲሄድ» የሚለው ላይ ነው። መልሳም አልከፈተችውም። ወደ መኝታችን ስንሄድ ታዲያ እንዲህ አለችኝ፦ «ጋሼ፣ ይሄ እኮ ከዚህኛው በምንም አይተናነስም። የተጻፈበት መጽሐፍ የት ይገኛል?»

እስቲ እናንተ መልሱላት።

እኔ እንደምንም መልስ ላገኝላት ብዬ አዲስ አበባ ስንመለስ ለገሃር አካባቢ አንድ አዟሪ ጠየቅሁ። ክንዱ ላይ የከመረውን መጽሐፍ አገላበጠ። እንዴት ሚሊየነር እንደሚኮን የሚያስረዳ አለው። የስኬት ምሥጢር አለው፤ ያውም በሦስት ሰው የተተረጎመ። የፖለቲከኞች ትዝታ ሞልቶታል። ከሥር አንድ ቀጭን፣ ኤሊና ጥንቸል የተሣሉበት መጽሐፍ መዝዞ «ለስንት ዓመት ልጅ ነው?» አለኝ። «አሥራ ሰባት» አልኩት። «ኧረ ጋሼ! ለአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ ተረት?» ብሎ ሳቀብኝ።

በአዟሪው አልፈርድም። እሱ የሚነግረን የምናስበውን ነው። በእኛ ዘንድ ተረት ወይ የሕፃን ማስተኛ ነው፣ ወይ ስድብ ነው። ስብሰባ ላይ ሰው ለማዋረድ ስንፈልግ «ተረት ተረት አታውራብን» እንላለን። ልጁ ፂም ሲያበቅል ተረቱን እንደ ተቀደደ ቁምጣ አውልቆ ይጥላል። ከዚያ አስማትና ጭራቅ ሲያሰኘው ከእንግሊዝ ያስመጣል፣ ከጃፓን ያስመጣል፣ አሁን ደግሞ ከናይጄሪያ ማስመጣት ጀምሯል። ማስመጣቱን አልቃወምም። የምቃወመው ጎተራችን ባዶ ስለሆነ ነው የምናስመጣው ማለታችንን ነው።

ልጅቷ ያነበበችውን መጽሐፍ የጻፈችው ቶሚ አዴየሚ ትባላለች። ወላጆቿ ናይጄሪያውያን ሲሆኑ እሷ ተወልዳ ያደገችው አሜሪካ ነው። መጽሐፉ እ.ኤ.አ. በ2018 ሲወጣ ገና በሃያዎቹ መጀመሪያ ላይ ያለች ወጣት ነበረች። ደራሲዋ ራሷ እንደተናገረችው፣ ኦሪሻ የሚባሉትን የዮሩባ አማልክት ምስል አይታ ልቧ የተነካው ናይጄሪያ ውስጥ ሳይሆን ብራዚል፣ ሳልቫዶር ከተማ ነው። በባርነት ተግዘው የሄዱት የዮሩባ ልጆች አማልክታቸውን በልባቸው ይዘው ውቅያኖስ አሻግረዋቸዋልና።

ይህን ስትሰሙ «አየህ፣ አንዲት ጎበዝ ልጅ ተነስታ አገሯን አስጠራች» ብላችሁ እንዳታልፉት። የእኛ አመል ይህ ነው፤ አንድ ጎበዝ ከሰማይ እስኪወርድልን እንጠብቃለን። አዴየሚ ከሰማይ አልወረደችም። ዲ. ኦ. ፋጉንዋ የሚባል የዮሩባ መምህር ገና እ.ኤ.አ. በ1938 አዳኞች መናፍስት በሞሉበት ጫካ ሲንከራተቱ የሚተርክ ልብ ወለድ በገዛ ቋንቋው ጽፏል። ያንን መጽሐፍ ሌላ ሰው ሳይሆን ወሌ ሾይንካ በ1968 ወደ እንግሊዝኛ መልሶታል። በ1952 አሞስ ቱቱኦላ የዘንባባ ጠጁን ቀጂ ፍለጋ ሙታን አገር ድረስ የሚሄድ ሰው ታሪክ ለንደን ላይ አሳተመ። ቤን ኦክሪ መንፈስ የሆነ ልጅ የሚተርከውን ልብ ወለድ ጽፎ በ1991 የቡከርን ሽልማት ወሰደ። ኔዲ ኦኮራፎር በ2011 ለወጣቶች ጻፈች። አዴየሚ በመጨረሻ መጣች። ከፋጉንዋ እስከ እሷ ሰማንያ ዓመት ነው። አንዱ በአንዱ ትከሻ ላይ ነው የቆመው።

ከሁሉ የሚያስቀኝም የሚያናድደኝም የቱቱኦላ ነገር ነው። መጽሐፉ ሲወጣ እንግሊዞቹ አደነቁት፤ የተማሩት ናይጄሪያውያን ግን አፈሩበት። «እንግሊዝኛው የተሰባበረ ነው፤ ደግሞ ፈረንጅ አጉል አማኞች ናቸው ይለናል» አሉ። ይህን ሳነብ ናይጄሪያን ትቼ የራሴን ወዳጆች አየሁ። እኛ እኮ ዛሬም ከ1952 አልወጣንም! ዲግሪ የያዘው ወዳጄ ስለ ዛር ሳወራ «እባክህ ኋላቀርነታችንን አታራግብ» ይለኛል። ሃይማኖተኛው ወዳጄ ደግሞ «አጋንንትን ማስተዋወቅ ነው» ይላል። ሁለቱ በሌላ በምንም ነገር ተስማምተው አያውቁም፤ ተረትን በመቅበር ላይ ግን አንድ ናቸው። እማሆይ ግን መነኩሴ ናቸው። ዳዊታቸውን ደግመው ሲያበቁ የጅቡን ነገር ያወራሉ። የትኛው ጸሎት፣ የትኛው ጨዋታ እንደሆነ ከሁለቱ ወዳጆቼ የተሻለ ያውቃሉ።

እስቲ ጎተራውን በትንሹ ልክፈተው። የዛሮችን ልደት ሰምታችኋል? ሔዋን ሠላሳ ልጆች ነበሯት ይባላል። አንድ ቀን እግዚአብሔር ልጆቿን ሊጎበኝ ሲመጣ፣ ዓይን እንዳይገባባቸው ፈርታ አሥራ አምስቱን መልከ መልካሞች ሸሸገቻቸው። እርሱም «የተሸሸጉት እንደተሸሸጉ ይቅሩ» አለ። እኛ ከሚታዩት ወገን ነን፤ ማለትም ከፉንጋዎቹ። ዛሮቹ በዓይን የማይታዩት ቆንጆ ወንድሞቻችንና እህቶቻችን ናቸው። በላያችን ሲሰፍሩም ሰውየው «የዛር ፈረስ» ይባላል። አስቡት እንግዲህ! በሽታውን የሚያመጣብህ ጠላት አይደለም፤ እናትህ አሳልጣ የደበቀችው ወንድምህ ነው፣ ሊጋልብህ የሚመጣውም ቀንቶ ነው። በዚህ ላይ ስንት ልብ ወለድ ይጻፋል? ሦስት ቅጽ አይወጣውም? ሰላቢው አለ፤ ከአውድማህ እህሉን፣ ከገንቦህ ቅቤውን ሳይነካ የሚወስደው። አፍዝ አደንግዙ አለ። አብሾ ጠጥቶ የሰማውን የማይረሳው ተማሪ አለ። መንዝን ያቀኑት አባቶች መሬቱን በፈረስ ሽቅድምድም ተካፈሉት የሚለው የጓሳ አካባቢ ሽማግሌዎች ታሪክ አለ። አርዌ ዘንዶው ንጉሥ አለ።

የለም፣ ማንም አልሞከረም አልልም። አባባ ተስፋዬ ሣህሉ አርባ ዓመት ገደማ በቴሌቪዥን ተረት ነግረውናል፤ ሐምሌ 2009 ዓ.ም. ሲያርፉ አገር ያለቀሰው በከንቱ አልነበረም። ግን እሳቸውም «የልጆች» ነበሩ። ይስማዕከ ወርቁ በ2001 «ዴርቶጋዳ»ን ሲያወጣ መጽሐፍ አያነብም የተባለው ወጣት ተሻምቶ አነበበው፤ በተደጋጋሚም ታተመ። ገዳም፣ ስለላና ሳይንስ የተቀላቀሉበት እንጂ የተረት ዓለም ነው አይባልም። ሆኖም ወጣቱ የራሱን ምሥጢር ካገኘ ገንዘቡን እንደማይሰስት አሳይቶናል። እ.ኤ.አ. በ2018 ደግሞ ኢታን ኮሚክስ «ጀምበር» የሚባል ኃያል ኢትዮጵያዊ ጀግና በሥዕል መጽሐፍ አወጣ፤ በአማርኛም በእንግሊዝኛም። ደግ ጅምር ነው። ተረት መሰብሰቡንስ? ኤልዛቤት ሌርድ የምትባል እንግሊዛዊት ደራሲ በ1980ዎቹ መጨረሻና በ1990ዎቹ መጀመሪያ ክልል ለክልል ዞራ በመቶዎች የሚቆጠሩ ተረቶች ሰብስባ ሄዳለች። የእኛው ተማሪዎች የሰበሰቡት ደግሞ የመመረቂያ ጽሑፍ ሆኖ መደርደሪያ ላይ አቧራ ይጠጣል። ከመደርደሪያው ወደ ልብ ወለዱ የሚያሻግር ሰው ነው የጠፋው።

ታዲያ እኛ ተኝተን ሌላው ተነሳ። ላውረን ብላክዉድ የምትባል የጃማይካ ዘር ያላት አሜሪካዊት እ.ኤ.አ. በ2021 ለወጣቶች አንድ ልብ ወለድ አሳተመች። ስሙ ወደ እኛ ሲመለስ «በእነዚህ ክፉ ግድግዳዎች ውስጥ» እንደ ማለት ነው። መነሻው «ጄን ኤይር» የተባለው የ1847ቱ የእንግሊዝ ልብ ወለድ ነው፤ ዓለሙ ግን ከኢትዮጵያ የተቀዳ ነው። ባለታሪኳ አንድሮሜዳ የምትባል ወጣት ስትሆን ሙያዋ ምን ቢሆን ጥሩ ነው? ደብተራ! ክፉ ዓይን የሰፈረበትን የባለጸጋ ቤት በክታብ ልታጸዳ ትቀጠራለች። መጽሐፉ በታዋቂዋ ተዋናይት በሪስ ዊዘርስፑን የንባብ ክበብ ተመርጦ ብዙ አንባቢ ጋ ደረሰ።

ይህን ለአንድ ጓደኛዬ፣ የታሪክ መምህር ለሆነ ሰው ብነግረው ብድግ አለ። «ሰረቁን! ቡናችንን ወሰዱ፣ ብራናችንን ወሰዱ፣ አሁን ደግሞ ደብተራችንን!»

ቀስ በል ወንድሜ። ስለ ብራናው እውነትህን ነው፤ ብራና ሲወሰድ ከእጅህ ይጎድላል። ተረት ግን ሲወሰድ አይጎድልም። ደግሞስ «ወሰዱ» ለማለት የኛ እጅ ንጹሕ ነው? እጨጌ ዕንባቆም በ1553 እ.ኤ.አ. «በራላም ወየዋስፍ»ን ከዓረብኛ ወደ ግዕዝ ሲመልሱት፣ ሲወርድ ሲዋረድ የመጣው የሕንዱ የቡድሃ ታሪክ መሆኑን ማን ነገራቸው? የዚያች ጸሐፊ የጃማይካ ሰዎችስ ቢሆኑ አናንሲ የሚባለውን የሸረሪት ተረት ከጋና ምድር በባሪያ መርከብ ሆድ ውስጥ ይዘውት አይደል የሄዱት? ተረት እግር አለው። ጥያቄው ማን ወሰደው አይደለም፤ ባለቤቱ ምን ሠራበት ነው።

እርግጥ የማልወድላት ነገር አለ። ደብተራ ማለት ለእኔ ከሁሉ አስቀድሞ ደበሎ ለብሶ፣ ውሻ እየነከሰው ቁራሽ ለምኖ ቅኔ የተቀኘ፣ ዜማና አቋቋም የዘለቀ ሰው ነው። ክታብ የሚጽፈው ከመካከላቸው አንዳንዱ ነው፤ እሱም ተደብቆ። በመጽሐፉ ውስጥ ይህ ሁሉ ረሃብና ትምህርት ተኖ ቤት የሚያጸዳው ብቻ ቀርቷል። ግን ልጅቷ ጎንደርም ጎጃምም አልተማረችም፤ ባታውቀው አልፈርድባትም። የሚከነክነኝ ሌላ ነገር ነው፤ ይህን ጽሑፍ ያስጀመረኝም እሱ ነው።

በእሷ መጽሐፍ ውስጥ ክፉው ዓይን ከቤቱ ግድግዳ የተጣበቀ ጭራቅ ነው። ያስፈራል፣ ይባረራል፣ አለቀ። ለቨርጂኒያው አንባቢ ምንም አይደለም። ለእኛ ግን ቡዳ ጭራቅ አይደለም፤ ጎረቤት ነው። ስም አለው፣ ቤት አለው፣ ገበያ ይወጣል።

ሁለተኛ ክፍል ሳለሁ አብራን የምትማር አንዲት የሸክላ ሠሪ ልጅ ነበረች። አባቷ ማረሻና ማጭድ ይቀጠቅጣል፤ እናቷ ጀበናና እንስራ ትሠራለች። ልጅቷ ፊት ወንበር ላይ ብቻዋን ትቀመጣለች። ብቻዋን ያልኩት ቦታ ስለተረፈ አይደለም፤ እኛ ሌላው ወንበር ላይ አምስት አምስት ሆነን ተጣበን ነው። እናቴ አንገቴ ላይ ክታብ አስራልኛለች፤ ጠዋት ጠዋት ነጭ ሽንኩርት አኝኬ ነው ትምህርት ቤት የምሄደው። ዘመኑ ደርግ ነበር። ቀን ቀን በስብሰባ «ሠርቶ አደር» እየተባለ የእጅ ባለሙያ ይወደሳል። ከዚያም አስቀድሞ ዳግማዊ ምኒልክ ባለሙያን በሥራው የሚሰድብን የሚገሥጽ አዋጅ አስነግረው እንደነበር ይታወቃል። አዋጁም፣ መፈክሩም፣ ሽንኩርቱን ከአፌ አላስወጡትም።

አንድ ቀን አንድ ልጅ ሆዱን ታመመና እየተንፈራገጠ ክፍል ውስጥ ወደቀ። ማንም ምንም አላለም፤ ሁላችንም ብቻ ዞረን እሷን አየናት። አስተማሪው ሳይቀር። ከዚያ ትልልቆቹ መጥተው «እንትፍ በይለት» አሏት። የሰባት ወይ የስምንት ዓመት ልጅ ናት፤ አፏ ደርቆ ምራቅ አጣች። እየተንቀጠቀጠች ሞከረች፣ አልወጣላትም። ምራቅ ማጣቷ ደግሞ ማስረጃ ሆነባት። በዚያ ሳምንት ትምህርት ቤት አልመጣችም። ዓመቱ ሳያልቅ ቤተሰቡ መንደሩን ለቆ ሄደ፤ ወዴት እንደሄዱ ማንም አልጠየቀም። ጀበናቸው ግን በየቤታችን ቀርቷል። እናቴ በዚያች ሴት ጀበና ለብዙ ዓመት ቡና አፍልታበታለች፤ አንድም ቀን ሆዳችንን አላመመንም።

እና «ተረታችን ይጻፍ» ስል፣ ባህላችን ለዓለም ይታወቅልን፣ ቱሪስት ይምጣልን ማለቴ አይደለም። ይህን የሚሉ ሞልተዋል፤ እነሱ ቢጽፉት ጅቡን አሳምረው፣ ጥልፍ አልብሰው ያወጡታል። የጅቡን ጆሮ ላይ ቀለበት አንጠልጥለው «እንዴት ያለ ድንቅ ምናብ አለን!» ይላሉ። ምናቡ ድንቅ መሆኑን እኔም አልክድም፤ ለዚህ ነው ልጅቷ መጽሐፏን የዘጋችው። ግን ያው ምናብ ነው አንዲት ሕፃን ምራቅ ያሳጣት። ይህን ሁለቱን በአንድ እጅ መያዝ የሚችለው የውጭ አገር ጸሐፊ አይደለም። እዚህ ያደገ፣ ሽንኩርቱን ያኘከ፣ ወይም ይበልጡን ሽንኩርት የታኘከባት ልጅ ናት መጻፍ ያለባት። አዴየሚም ብትሆን አስማቱን ለጌጥ አላመጣችውም። በመጽሐፏ አስማተኞቹ የተገፉት፣ የተገደሉት፣ በአገራቸው የባዳ ያህል የሚታዩት ናቸው። አሜሪካ ውስጥ ፖሊስ የሚገድላቸውን ጥቁሮች እያሰበች እንደጻፈችው ራሷ መጽሐፏ መጨረሻ ላይ ተናግራለች። የእኛዎቹ የተገፉ እነማን እንደሆኑ ማንም ከውጭ መጥቶ አይነግረንም።

«እንዲህ ያለውን መጻፍ ቁስል መቀስቀስ ነው» የሚለኝ አይጠፋም። ወዳጄ፣ ቁስሉ መቼ ተኛና? ዛሬም ጋብቻ ሲጠየቅ «ዘራቸው ምንድነው?» ተብሎ በሹክሹክታ የሚጣራው ለምን ይመስልሃል? ዝም ብለን እንርሳው የሚሉት ያልተወጉት ናቸው። ሌላው ደግሞ «ወረቀት ተወዷል፣ አሳታሚ የለም» ይላል። እውነት ነው። ግን ሚሊየነር መሆኛው መጽሐፍ የሚታተመው በቅጠል ላይ ነው እንዴ?

እማሆይ አሁን የሉም። ከዚያ ገና በኋላ ብዙ አልቆዩም። ስንት ተረት ይዘው እንደሄዱ አላውቅም፤ እኔ የያዝኩት አሥር ቢሞላ ነው፤ እሱም የተሸራረፈ ነው። የእህቴ ልጅ ዩኒቨርሲቲ ጨርሳ ሥራ ይዛለች። ትጽፍ እንደሆነ ጠይቄያት አላውቅም፤ መጠየቅ እፈራለሁ።

ስለዚያች ምሽት ግን አንድ ነገር ሳልነግራችሁ አልፌአለሁ። እማሆይ ተረቱን ቀጥቃጩ ደጃፍ ላይ አድርሰው፣ የታሰረውን ጎኑን አሳይተው ሲያበቁ እኔ እንደለመድኩት «ጉድ!» አልኩ። ተረቱ እዚያ ላይ ነው የሚያልቀው። ሁልጊዜም እዚያ ላይ ነው ያለቀው። ልጅቷ ግን አላበቃላትም።

«እማሆይ፣ ቀጥቃጩ ግን ከዚያ በኋላ ምን ሆነ?»

እማሆይ እሳቱን ቆሰቆሱ። ዝም አሉ። ጭሱ ዓይናቸውን ሳያስለቅሳቸው አልቀረም፤ በነጠላቸው ጫፍ ጠረግ አደረጉት።

«እሱን እንኳ ማንም ጠይቆኝ አያውቅም ልጄ» አሉ። ትንሽ ቆይተው ደግሞ፣ «ሚስት ነበረችው» አሉ። «ሸክላ ትሠራ ነበር።»